ከተማሪዎች ክበብ እስከ ጥናት ተቋም

በየትምህርት ዘመኑ መግቢያ በየትምህርት ቤቱ የክበባት ስም ዝርዝር ይለጠፋል፤ ተጠሪ መምህር ይመደባል፤ ዕቅድም ይጻፋል። በዓመቱ መጨረሻ ግን ከዝርዝሩ በቀር የሚታይ ፍሬ የማይገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመምህራን ማሠልጠኛ ባሳለፋቸው ዓመታት ይህንኑ ደጋግሞ ተመልክቷል። ክበብ ከመደበኛ ትምህርት የተረፈ ጊዜ ማሳለፊያ ነው የሚለው አስተሳሰብ ምን ያህል የተሳሳተ እንደ ሆነ ለመረዳት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የነበረውን የአንድ ማኅበር ታሪክ መለስ ብሎ መመልከት ይጠቅማል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮሌጁ በ1950 ሥራውን ሲጀምር ከየጠቅላይ ግዛቱ የተውጣጡ ወጣቶች በአንድነት መማር ጀመሩ። የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ፣ አብዛኞቹ መምህራንም የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። በመሆኑም ተማሪው ከቤቱ ይዞት የመጣው ዕውቀት፣ ይኸውም የአገሩ የጋብቻ ሥርዐት፣ የለቅሶው ወግ፣ ተረቱና የዳኝነቱ ልማድ፣ በክፍል ውስጥ እምብዛም ቦታ አልነበረውም። ይህን ክፍተት ለመሙላት የሞከረው ክበብ ነው። በኮሌጁ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በፖላንዳዊው ስታኒስላው ኾይናትስኪ አነሣሽነት በ1950ዎቹ መጀመሪያ የኢትኖሎጂ ማኅበር ተቋቋመ። አባላቱ ስለየትውልድ ስፍራቸው ልማድ ይጽፉ ነበር፤ ጽሑፎቻቸውም ከ1953 ጀምሮ በማኅበሩ መጽሔት መታተም ያዙ።

በዚያው ዘመን ተማሪዎች በኮሌጅ ቀን በዓል ላይ ግጥም ያነብቡ ነበር። በ1961 ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘውን ግጥሙን ያሰማው በዚሁ በዓል ነው። የማኅበሩ ጽሑፍና የበዓሉ ግጥም በመልክ ቢለያዩም፣ ተማሪው ስለ አገሩ ያወቀውንና የተሰማውን በአደባባይ እንዲናገር ያስቻሉት ሁለቱም ከክፍል ውጭ የነበሩ ጉባኤዎች ናቸው።

የማኅበሩ ፍሬ ግን በዚያ አላበቃም። በኮሌጁ የተሰበሰቡት መጻሕፍትና የባህል ዕቃዎች በ1963 ለተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም መነሻ ሆኑ። የተቋሙ የመጀመሪያ ዲሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ሲሆኑ፣ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን የመሩት ኾይናትስኪ ነበሩ። ዛሬ በስድስት ኪሎ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሙዚየሙን የሚጎበኝ ተማሪ፣ የሥራው ጅማሬ እንደ እርሱ ካሉ ተማሪዎች ክበብ ጋር የተያያዘ መሆኑን ቢያውቅ ይበረታታል።

ከዚህ ታሪክ ለመምህሩና ለዕቅድ አውጭው ሦስት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ የክበቡ ሥራ ተማሪው በቅርብ ከሚያውቀው ነገር መነሣት አለበት። ሁለተኛ፣ ሥራው የሚከታተለው አንድ ትጉህ ሰው ያስፈልገዋል። ሦስተኛና ዋነኛው፣ የተነገረው በጽሑፍ መቀመጥ ይኖርበታል፤ ሳይጻፍ የቀረ ንግግር ከአዳራሹ አይወጣምና። ለዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አያሻም፤ ደብተር፣ እርሳስና ጠይቆ የሚያዳምጥ ተማሪ ይበቃሉ። የሚነግሩን ሽማግሌዎች ግን በየዓመቱ እየተለዩን ነው። ስለሆነም የክበባት ጊዜ በሥርዐተ ትምህርቱ ውስጥ የታወቀ ሰዓትና ኃላፊ ሊመደብለት የሚገባው ለይስሙላ ሳይሆን፣ ነገ የማይገኘውን ዕውቀት ዛሬ ለመያዝ ነው።