ከፓተንት ውጭ የተፈታው የካምፓላው ክስ

አይፎርአይ የተባለ የቶሮንቶ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ማይክሮሶፍትን የከሰሰው «ዎርድ ላይ የገባው አሠራር የእኔ ፓተንት ነው» ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሲያጸና ማይክሮሶፍት 290 ሚሊዮን ዶላር ግድም የመክፈል ግዴታ ወደቀበት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች፣ በአዋጅ ቁጥር ውስጥ ካለው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ትልቅና ትንሽ ኩባንያ ሙግት ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው እንዲህ ያለውን ነው፤ ትንሹ የፈጠራ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ይቀርባል፣ ዳኛው መርምሮ ይፈርዳል።

ካምፓላ ላይ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። የስልክ ኩባንያው ኤምቲኤን ኡጋንዳ የገባው በ1998 ሲሆን በ2009 የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ጀመረ። ዛፕ፣ ኤምሰንቴ፣ ዋሪድ ፔሳ የተባሉ ተወዳዳሪዎችም ተከታትለው መጡ፤ ሁሉም ግን የስልክ ኩባንያዎች ልጆች ነበሩ። ኋላ ኤምቲኤንን የከሰሰው ኢዚመኒ የተባለ ትንሽ የክፍያ ድርጅት በዚህ ይለያል። የራሱ ኔትወርክ የለውም፣ ሲም ካርድ አይሸጥም፤ ደንበኛው የየትኛውም ኩባንያ ስልክ ቢይዝ ወኪሉ ዘንድ ሄዶ ገንዘብ እንዲልክ፣ የመብራትና የውኃ ሂሳብ እንዲከፍል ነበር ሐሳቡ። እንዲህ ያለ ድርጅት የሚሠራው የግድ በሌሎች መስመርና በሌሎች ወኪል ላይ ተደግፎ ነው፤ ያ መስመርና ያ ወኪል ደግሞ በአብዛኛው በኤምቲኤን እጅ ነበር።

ወኪሉን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ካምፓላን የረገጠ ሰው በየመንገዱ ዳር ቢጫ የተቀባውን የኤምቲኤን ኪዮስክ ሳያይ አይመለስም። ውስጡ አንድ ሰው ብቻ ያስቀምጣል። መሳቢያው ውስጥ ጥሬ ገንዘብ፣ ጠረጴዛው ላይ ስልክና የተላከው፣ የወጣው፣ የደንበኛው ቁጥር በእስክሪብቶ የሚጻፍበት ደብተር አለ። የወኪሉ ካፒታል ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይቀመጣል፤ ግማሹ በእጁ ያለ ጥሬ ገንዘብ፣ ግማሹ ፍሎት የሚሉት፣ ስልኩ ላይ ያለ የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ነው። የሚኖረው ከእያንዳንዱ ዝውውር በሚደርሰው ትንሽ ኮሚሽን ነው። ሁለተኛ አገልግሎት ቢጨምር ገቢው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ደንበኛ የሚያመጣለትን ትልቁን ኩባንያ አስቀይሞ መስመሩ ቢቋረጥበት በማግስቱ ኪዮስኩን ይዘጋል። ስለዚህ «ከሌላ ጋር እንዳትሠራ» የሚል ቃል ብቻውን ከማንኛውም ፓተንት የበለጠ ያስፈራዋል።

ኢዚመኒ በ2013 ክስ ሲመሠርት ያቀረበው አቤቱታም ይኸው ነበር። ኤምቲኤን ወኪሎችና አገናኝ ድርጅቶች ከእኔ ጋር እንዳይሠሩ ከለከለ፣ የምፈልገውንም መስመር ነፈገኝ አለ። ኤምቲኤን አልተቀበለም። ጉዳዩ በካምፓላ የከፍተኛው ፍርድ ቤት የንግድ ችሎት ታይቶ በኖቬምበር 2015 ፍርድ ተሰጠ፤ ኤምቲኤን ውድድርን የሚያደናቅፍ ተግባር ፈጽሟል ተብሎ 2.3 ቢሊዮን የኡጋንዳ ሽልንግ እንዲክስ ተወሰነበት። በጊዜው ምንዛሬ ወደ 650 ሺህ ዶላር ይጠጋል። ከአይፎርአዩ ጋር ሲተያይ ገንዘቡ ኢምንት ነው። ትልቁ ነገር ፍርዱ የቆመበት መሠረት ነው። ኡጋንዳ ያን ጊዜ ራሱን የቻለ የንግድ ውድድር ሕግ አልነበራትም፤ የውድድር ሕግ የወጣው በ2023 ነው። ትንሹን ድርጅት የታደገው የቴሌኮም ሥራን የሚገዛው ሕግ ስለ ፍትሐዊ ውድድር የያዘው ድንጋጌ ነው።

ለምን በፓተንት አልተከራከሩም? የኡጋንዳ የፓተንት ታሪክ ራሱ ይመልሰዋል። በቅኝ ግዛት ዘመን ኡጋንዳ የራሷ ፓተንት አልነበራትም፤ ለንደን ላይ የተሰጠው እንደገና ይመዘገብ ነበር። የራሷን ሕግ ያወጣችው በ1991 ነው፤ በ2014 ደግሞ በኢንዱስትሪያዊ ንብረት ሕግ ተተካ። ከዚህ በተጨማሪ መቀመጫው ሐራሬ በሆነው የአፍሪካ አገሮች የጋራ የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት፣ በአሪፖ በኩል የሚሰጡ ፓተንቶች አሉ፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ የውጭ ኩባንያዎች ናቸው። የ2014ቱ ሕግ የንግድ አሠራር ዘዴን ከፓተንት አስወጥቶታል። በስልክ ገንዘብ መላክ፣ በወኪል መክፈል፣ በፍሎት መሥራት የሚባለው ሁሉ እዚያ ውስጥ ይወድቃል። እንግዲህ ኢዚመኒ ቢፈልግም በሐሳቡ ላይ ፓተንት አያገኝም፤ ኤምቲኤንም በፓተንት ሊያስቆመው አይችልም። ይህ ለትንሹ ጥሩ ዜና ይመስላል። ግን በሩ ሲከፈት የጠቡ ሜዳ ወደ መስመሩና ወደ ኪዮስኩ ዞረ፤ እዚያ ደግሞ ጉልበት ያለው የኔትወርኩ ባለቤት ነው።

ሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ተመሳሳይ ነገር ገጥሟቸዋል። ናይሮቢ ላይ ፋውሉ የተባለው የማይክሮፋይናንስ ድርጅት በ2012 የስልክ ኩባንያው ሳፋሪኮም ያወጣውን ኤምሽዋሪ የተባለ የብድርና ቁጠባ አገልግሎት «ሐሳቡ የእኔ ነው» ብሎ ለማሳገድ ሞከረ፤ ፍርድ ቤቱ አላገደውም። በሌላ በኩል የሳፋሪኮም ወኪሎች ለተወዳዳሪም እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው ተወዳዳሪው ኤርቴል ለኬንያ የውድድር ባለሥልጣን ካመለከተ በኋላ በ2014 ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥም የስልክ ኩባንያው የቮዳኮም ሠራተኛ የነበረው ንኮሳና ማካቴ «ደውሉልኝ» በሚለው የነጻ መልእክት አገልግሎት ሐሳቡ የተነሣ ለዓመታት ተሟግቶ በ2016 በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የረታው በፓተንት ሳይሆን በቃል በተገባለት ውል ነው። በእኔ አመለካከት ይህ አጋጣሚ አይደለም። በአህጉራችን አነስተኛ የቴክኖሎጂ ባለቤት ድል ያገኘባቸው ሙግቶች የውል፣ የወኪልና የመስመር ሙግቶች ናቸው፤ የወጣቶቻችን ሥልጠና ግን ፓተንት አውጡ በሚለው ምክር ላይ ያተኩራል። ፓተንት ለማሽንና ለመድኃኒት፣ ለመሣሪያ ፈጠራም ይረባል፤ ለክፍያ መተግበሪያ ግን ጥላ አይሆንም።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123/1987ም የንግድ ሥራ ዘዴንና የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከፓተንት ውጭ አድርጓል። ኤምብርና ሄሎካሽ የተባሉ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶች ቀድመው መንገድ ሲያቀኑ በ2021 ቴሌብር፣ በ2023 ደግሞ ኤምፔሳ ገቡ። የእነዚህ የሁለቱ ባለቤቶች የስልክ መስመርም የገንዘብ አገልግሎትም በእጃቸው የያዙ ግዙፍ ኩባንያዎች ናቸው። ነገ ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር ወይም ከሐዋሳ የሚነሣ ትንሽ የክፍያ ድርጅት ደንበኛው የሚደውልበትን አጭር ቁጥር፣ መስመርና ወኪል የሚጠይቀው ከእነዚሁ ከሚወዳደራቸው ኩባንያዎች ነው። ካምፓላ ላይ ኢዚመኒ የተገኘበት ቦታ በትክክል ይህ ነበር።

የኡጋንዳ ባንክ በ2013 ባወጣው መመሪያ የሞባይል ገንዘብ ወኪል ከአንድ በላይ ለሆኑ ድርጅቶች መሥራት እንደሚችል ደንግጎ ነበር፤ ያም ሆኖ ኢዚመኒ ፍርድ ለማግኘት ሁለት ዓመት ያህል ጠብቋል። ለጀማሪ ድርጅት ሁለት ዓመት ዕድሜ ነው፤ ካሳው እስኪደርስ ወኪሎቹ ተበትነው፣ ደንበኛውም ለምዶ ሌላ ዘንድ ይቀራል። ስለዚህ የአገራችን የብሔራዊ ባንክና የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ኃላፊዎች ሙግት እስኪመጣ ባይጠብቁ እላለሁ፤ ወኪል ለሁሉም እንዲሠራ፣ አጭር ቁጥርና መስመር ለጠየቀ ሁሉ በእኩል ዋጋና በተወሰነ ቀን እንዲሰጥ የሚያስገድድ፣ አቤቱታ በሳምንታት የሚታይበት መመሪያ አሁን ይጻፍ።