ደራ ወረዳ (ደቡብ ጎንደር)

ደራ በአማራ ክልል ደቡብ ጎንደር ዞን የሚገኝ ወረዳ ሲሆን መቀመጫው አንበሳሜ ነው። በምዕራብ ጣና ሐይቅ፣ በደቡብ ዓባይ ያዋስኑታል። ከሰሜን ሸዋው ደራ ጋር አይምታታ።

ከሰሜን ጎረቤቱ ከፎገራ የሚለየው የጉማራ ወንዝ ከጉና ተራራ ተነስቶ ጣና ይገባል፤ በክረምት ግን ሞልቶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ሌላውን እህል የሚያበሰብሰው ይህ ውኃ ለሩዝ ሲሳይ ሆነ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ ከተሞከረባቸው የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አንዱ የደራው ጅግና ነበር፤ ገበሬው ዛሬም የሚዘራው «ኤክስ-ጅግና» ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

ትርፉ ግን በነፃ አልመጣም። በወተቷ የምትታወቀው የፎገራ ላም የምትግጥበት ረግረግ የሩዝ ማሳ ሆነ። በሐይቁ በኩል ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተስፋፋው እምቦጭ የዓሣ አጥማጁን ታንኳ መተላለፊያ ይዘጋል፤ ውኃው ሲሸሽም የተረፈውን ግጦሽ ይወርሳል።