ከመቦርቦር ወደ ማጣበቅ፦ የጥርስ ጥገና ጥበብ አጭር ታሪክ

የታመመን ጥርስ «ትል በላው» ማለት የእኛ ሀገር ልማድ ብቻ አይደለም፤ በጥንታዊት ባቢሎን የተጻፉ የሸክላ ጽላቶችም የጥርስን ሕመም በትል ያመካኛሉ። በ1890 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በበርሊን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ዊሎቢ ሚለር ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጥርስን የሚያሟሟው በአፍ ውስጥ ያሉ ረቂቃን ሕዋሳት ከምግብ የሚያወጡት አሲድ መሆኑን አስረዳ። ከዚያ ወዲህ አሲድ የጥርስ ጠላት ተብሎ ታወቀ። ይኸው ጠላት ከ65 ዓመት በኋላ የሐኪሙ ረዳት መሆኑ ለሳይንስ ታሪክ ተመልካች ብዙ የሚያስተምር ነገር አለው።

አስቀድሞ ጥርስ የሚሞላው በወርቅ ወይም ብርና ሜርኩሪ በተቀላቀሉበት አማልጋም ነበር። እነዚህ ግን ከጥርስ ጋር አይጣበቁም። ስለዚህ ሐኪሙ የበሰበሰውን ክፍል ካወጣ በኋላ ጉድጓዱን እንደ እንስራ አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ አድርጎ መቅረጽ ነበረበት፤ አለዚያ ሙሌቱ ወልቆ ይወድቃል። በዘመኑ የጥርስ ሕክምናን ሥርዓት ያስያዘው አሜሪካዊው ግሪን ቫርዲማን ብላክ ደግሞ በሽታው እንዳይመለስ የጉድጓዱ ድንበር ወደ ጤነኛው ክፍል እንዲሰፋ አስተማረ። ትምህርቱ በጊዜው ዕውቀት ሲመዘን የሚነቀፍ አልነበረም፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ያልታመመው የጥርስ አካል ነው።

ይህን ሥርዓት ያናወጠው በኒው ዮርክ ግዛት፣ በሮቼስተር ከተማ የሚሠራው ማይክል ቡኦኖኮሬ ነው። ፋብሪካዎች ቀለምና ሙጫ በብረት ላይ አጥብቀው እንዲይዙ ብረቱን አስቀድመው በፎስፎሪክ አሲድ ያሰናዱት ነበር፤ እርሱም ይህን ብልኀት ወደ ጥርስ አመጣው። በ1955 ባሳተመው ጥናት፣ ኢናሜል የተባለው የጥርስ ጠንካራ ሽፋን በ85 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ለ30 ሰኮንድ ሲታከም አክሪሊክ ሙጫ እጅግ አብልጦ እንደሚጣበቅበት አመለከተ። አሲዱ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎችን ይከፍታል፤ ፈሳሹ ሙጫ በእነርሱ ሰርጎ ሲጠነክር እንደ ተክል ሥር ይይዛል። ዛሬ የሚሠራበት አሲድ ከ35 እስከ 37 በመቶ ብቻ ነው። በ1962 ራፋኤል ቦወን ቢስ ጂ ኤም ኤ የተባለውን ጠንካራ ሙጫ ስላስገኘ፣ አዲሱ ብልኀት የሚስማማውን የመሙያ ዕቃ አገኘ።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያነቱን ክብር ሁሉ ለቡኦኖኮሬ መስጠት ታሪክን ማሳጠር ይሆናል። ስዊሳዊው ኬሚስት ኦስካር ሃገር በ1949 ከጥርስ ጋር የሚጣበቅ አሲዳዊ ሙጫ አዘጋጅቶ ነበር። በ1952 ክሬመርና ማክሊን የተባሉ እንግሊዛውያን በዚህ ሙጫ የታከመ ጥርስን በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ፣ በሙጫውና ከኢናሜል በታች ባለው ዴንቲን መካከል ጠባዩ የተለወጠ ስስ ንጣፍ አዩ። አዩት እንጂ ትርጕሙ በጊዜው አልተገለጠም። ዴንቲን ኮላጅን የተባለ ፕሮቲንና እርጥበት ስላለበት እንደ ኢናሜል በቀላሉ አይጣበቅም። በ1982 ጃፓናዊው ኖቡኦ ናካባያሺና ባልደረቦቹ ሙጫው በኮላጅኑ መረብ ውስጥ ገብቶ ከእርሱ ጋር አንድ አካል እንደሚሆን አስረዱ፤ ይህም «ድቅል ንጣፍ» ተባለ። ከ30 ዓመት በፊት የታየው ነገር ስም ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

የዚህ ታሪክ ፍሬ ጤነኛው የጥርስ አካል መትረፉ ነው፤ ሐኪሙ የታመመውን ብቻ አውጥቶ የቀረውን መተው ተቻለው። ነገር ግን ድሉ ፍጹም አይደለም። በ2004 ዴቪድ ፓሽሊና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ሙጫው በሚገባ ያልሸፈነውን ኮላጅን በዴንቲኑ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ቀስ በቀስ ያፈርሱታል።

ለእኛም የቀረበ ጥያቄ አለ። በስምጥ ሸለቆአችን፣ ለምሳሌ በወንጂ አካባቢ፣ የጕድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የብዙ ሰው ጥርስ ቡናማ ሆኗል። እንዲህ ያለው ኢናሜል ለአሲድ የሚሰጠው ምላሽ ከተለመደው የተለየ ነው። እንግዲህ በሮቼስተርና በቶኪዮ ጥርሶች የተፈተነው ብልኀት ለወንጂ ገበሬ ጥርስ ልክ መሆኑን የሚመረምር፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሀገሩ ሊቅ ሊሆን ይገባል።