የመሬት መንቀጥቀጥ፦ የታማኝ መረጃ ምንጮችና የጥንቃቄ እርምጃዎች ለነቀምቴ፣ ለጉቶ ጊዳና ለአካባቢው ነዋሪዎች

የመሬት መንቀጥቀጥ የሚከሰትበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ መናገር የሚችል ተቋምም ሆነ ባለሙያ በዓለም ላይ የለም። ስለሆነም «ዛሬ ሌሊት በዚህ ሰዓት ይከሰታል» የሚል መልእክት ከማንም ቢመጣ ሐሰት ነው። ኅብረተሰቡ እንዲህ ያለውን መልእክት ለሌሎች ከማስተላለፍ ሊቆጠብ ይገባል።

ጉዳዩ አካባቢውን የሚመለከተው ለምንድን ነው?

በአገራችን አብዛኛው የመሬት መንቀጥቀጥ የሚከሰተው በስምጥ ሸለቆና በአፋር ዝቅተኛ ሥፍራዎች ነው። ወለጋ በምዕራቡ ደጋማ ክፍል የሚገኝ በመሆኑ ስጋቱ አነስተኛ ነው፤ ፈጽሞ የለም ማለት ግን አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ በተከታታይ በተከሰተው የመሬት መንቀጥቀጥ ቤቶችና መንገዶች ተጎድተዋል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችም ከቀያቸው ተነሥተዋል። የካቲት 7 ቀን ምሽት የተመዘገበው 6.0 የደረሰ ሲሆን፣ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።

መረጃ ከየት ይገኛል?

• የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ ስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት፦ ንዝረትን የሚመዘግብና የሚተነትን ተቋም ነው።
• የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት፦ የሥነ ምድር አደጋዎችን ያጠናል።
• የኢትዮጵያ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን፦ የሰብዓዊ ድጋፍና የተፈናቃዮችን ጉዳይ ያስተባብራል።
• የአሜሪካ የጂኦሎጂ ቅኝት ተቋም፦ በመላው ዓለም የተመዘገቡ ክስተቶችን በድረ ገጹ ያሳውቃል።

የውጭ ተቋማት ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሙት የግሪንዊች ሰዓትና የአውሮፓውያንን የቀን አቆጣጠር ነው። ለምሳሌ 20:00 ተብሎ የተመዘገበ ክስተት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5:00 ላይ የደረሰ ነው። ይህን አለማስተዋል አስቀድሞ ያለፈውን ክስተት እንደ አዲስ እንዲወራ ያደርጋል። በመጀመሪያ የተገለጸው መጠን በኋላ ሊታረም ይችላል፤ በተቋማት መካከል አነስተኛ ልዩነት መኖሩም የተለመደ ነው።

ንዝረቱ በሚሰማበት ጊዜ

1. በሕንፃ ውስጥ ከሆኑ ወዲያውኑ ዝቅ ይበሉ፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብተው እግሩን አጥብቀው ይያዙ። ጠረጴዛ ከሌለ ከመስኮትና ከቁም ሣጥን ርቀው ራስዎንና አንገትዎን በክንድዎ ይሸፍኑ።
2. በፎቅ ላይ ከሆኑ ወደ ደረጃ አይሩጡ፤ አሳንሰር አይጠቀሙ፤ በመስኮት አይዝለሉ። በዩኒቨርሲቲ የመኝታ ሕንፃዎች የሚኖሩ ተማሪዎች ይህን በተለይ ሊያስተውሉ ይገባል።
3. ምድር ቤት ውስጥ በበሩ አጠገብ ከሆኑና መውጫው ክፍት ከሆነ ወደ ሜዳ ይውጡ።
4. ከቤት ውጭ ወይም በገበያ ሥፍራ ከሆኑ ከግንብ አጥር፣ ከሕንፃና ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ይራቁ።
5. እያሽከረከሩ ከሆነ ከድልድይና ከገደላማ ሥፍራ ርቀው ቀስ ብለው ያቁሙ፤ ንዝረቱ እስኪያበቃም ከተሽከርካሪው አይውረዱ።

ንዝረቱ ካበቃ በኋላ

• ተከታይ ንዝረት ሊኖር ስለሚችል የተሰነጠቀ ወይም የዘመመ ቤት ውስጥ፣ ዕቃ ለማውጣትም ቢሆን፣ ባለሙያ ሳያየው አይግቡ።
• የከሰል ምድጃ ያጥፉ፤ የጋዝ ሲሊንደር ይዝጉ። የጋዝ ሽታ ካለ ክብሪት አይጫሩ፤ የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያም አይንኩ።
• ለተጎዳ ሰው የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907፣ ፖሊስን በ991 ይጥሩ። መስመር እንዳይጨናነቅ ለቤተሰብ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይላኩ።
• የደረሰውን ጉዳት ፎቶግራፍ አንሥተው ለቀበሌዎ አስተዳደር ያሳውቁ።

ዛሬ ሊደረግ የሚገባው

ቁም ሣጥንና መደርደሪያን ከግድግዳ ጋር ማሠር፣ ከመኝታ በላይ ከባድ ዕቃ አለማስቀመጥ፣ ቤተሰቡ ከቤት ውጭ የሚገናኝበትን ሥፍራ መወሰን ወጪ የማይጠይቁ ወይም በአነስተኛ ወጪ የሚፈጸሙ ናቸው። አዲስ ቤት የሚሠሩ ነዋሪዎችም የሕንፃ ኮድን ተከትለው እንዲገነቡ ይመከራል፤ በመሬት መንቀጥቀጥ ወቅት አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው በሚፈርስ ግንባታ ነውና።