ካርታውን ማን ያርመው? የቴነሲ የምርጫ ድልድል ክርክር



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው በአሜሪካዋ የቴነሲ ግዛት የተነሣውን የሕግ ክርክር ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቴነሲ ሕገ መንግሥት የግዛቱ ምክር ቤት መቀመጫዎች በየ10 ዓመቱ እንደ መራጩ ብዛት እንዲደለደሉ ያዝዝ ነበር። ይሁን እንጂ ከ1901 ወዲህ ድልድሉ አልታደሰም። ሕዝቡ ከገጠር ወደ ሜምፊስና ናሽቪል ሲጎርፍ መቀመጫው ባለበት ቀረ፤ የከተሜው ድምፅም ክብደቱን አጣ። ድልድሉን ማረም የሚገባቸው በዚያው ድልድል የተመረጡት እንደራሴዎች ነበሩና አቤቱታው ሰሚ አላገኘም።

ከዚያ ቀደም፣ በ1946፣ ከኢሊኖይ የቀረበ ተመሳሳይ አቤቱታ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውድቅ ሆኖ ነበር። ዳኛ ፍራንክፈርተር ፍርድ ቤት እንዲህ ካለው የፖለቲካ ጉዳይ እንዲርቅ አሳስበው ነበር። በመጋቢት 1962 ግን «ቤከር በካር ላይ» በተባለው የቴነሲ መዝገብ፣ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ሊታይ እንደሚችል 6 ለ2 በሆነ ድምፅ ተወሰነ። ከሁለት ዓመት በኋላም በአላባማ ጉዳይ፣ የየግዛቱ ሁለቱም ምክር ቤቶች በሕዝብ ቁጥር እኩልነት ላይ እንዲመሠረቱ ታዘዘ።

ቁጥር ሲስተካከል ግን የመስመሩ አካሄድ ጥያቄ ሆኖ ቀረ። የሕዝባቸው ብዛት እኩል የሆነ ክልሎችም ተቀናቃኝን በታትነው ወይም አንድ ቦታ አጭቀው ሊያዳክሙ ይችላሉ። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ ለፓርቲ ጥቅም የተሰመረን ድንበር የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አይዳኙም አለ። ለእንዲህ ያለው አቤቱታ የቀረው የዳኝነት በር የየግዛቱ ፍርድ ቤት ነው። የቴነሲ መራጮች ያነሡት ጥያቄ ዛሬም አልተዘጋም፤ ከካርታው የሚጠቀመው ወገን ራሱ ካርታውን ሲሥል፣ የተበደለው ለማን አቤት ይበል?