ቀን የሚያኮርፍ ሬድዮ

ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ በአየር መሥመር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በትራንዚስተር ዘመን በነገሌም ሆነ በሞያሌ፣ የሩቁን ጣቢያ በመካከለኛ ሞገድ ለሚፈልግ ሰው ያው አንዱ ሬድዮ ቀን ሲንሿሿ ይውልና ማታ ጥርት ብሎ ይናገራል። ባለቤቱም የባትሪ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ ያሰጣል፤ አልሆን ሲለው ወደ ሬድዮ ሠሪ ይወስዳል።

ጥፋተኛዋ ግን ያችው ፀሐይ ነበረች። ማርኮኒ በ1902 እ.ኤ.አ. በመርከብ አትላንቲክን ሲያቋርጥ፣ ቀን ከ1,100 ኪሎ ሜትር ገደማ የማያልፈው ምልክት ሌሊት ከ3,000 በላይ ሲዘልቅ አስተዋለ። በዚያው ዓመት ኬኔሊና ሄቪሳይድ ሞገድን የሚመልስ የሰማይ ንጣፍ እንዳለ ገመቱ፤ አፕልተን በ1924 አረጋገጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀን ቀን የፀሐይ ጨረር ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሌላ ንጣፍ ይፈጥራል፤ እሱም መካከለኛውን ሞገድ ይውጠዋል። ሲመሽ ይህ ንጣፍ ይከስማል፤ ሞገዱም ከበላዩ ካለው ንጣፍ ነጥሮ ሩቅ አገር ይወርዳል። ድምፁ አንዳንዴ ከፍ ዝቅ የሚለው በተለያየ መንገድ የመጡ ሞገዶች ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ስለሚያዳክመው ነው።

እንግዲህ ለአዲስ አበባ ሰው የቀኑ ዜና የቀን ነው፤ መካከለኛ ሞገድ ለሚጠብቀው የቆላ ከተማ ነዋሪ ግን የማታ ነበር። የአገር ስፋት በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም፤ አንድ ቃል ከመሐል ተነሥቶ ዳር እስኪደርስ በሚፈጀው ጊዜም ይለካል። ሬድዮው ምንም አልሆነም ነበር።