በታላቁ በሽታ ጥላ ሥር የተረሱ ሕፃናት

ልጆቼ ሆይ፤ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፣ ሕፃናትን ከኩፍኝ የሚጠብቅ ክትባት ገና አልተገኘም ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በመጣ ጊዜ ግን፣ መደበኛው የሕፃናት ክትባት በኢትዮጵያ ከተጀመረ 40 ዓመት ሆኖት ነበር። አያቶቻችን ያላገኙትን ጸጋ እኛ አግኝተን ሳለ፣ በወረርሽኙ መካከል ብዙ ሕፃናት ሳይከተቡ ቀሩ። ይህ ስለ ምን እንደ ሆነ መመርመር ይገባናል።

እናቶች ልጆቻቸውን ስላልወደዱ ነውን? አይደለም። በአገራችን ሕፃን በተወለደ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ፣ ለኩፍኝም በ9 ወሩ ይከተባል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ ልጅዋ ለክትባት የደረሰላት እናት ጤና ጣቢያውን የበሽተኞች መሰብሰቢያ ነው ብላ ብትፈራ ማን ይፈርድባታል? ልጅዋን ከቤት ያስቀረችው ስለምትወደው ነው። ነገር ግን የፈራችው ስሙ ጠዋትና ማታ በሬዲዮ የሚጠራውን በሽታ ነበር፤ ኩፍኝን በዓይንዋ ስላላየች ረሳችው። የክትባት ዕጣ እንዲህ ነው፤ ሥራውን በሚገባ በሠራ መጠን ጠላቱ ከሰው ልብ ይጠፋል። ኩፍኝ ግን አንድ ሕመምተኛ ካልተከተቡት መካከል ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያሲዝ የሚችል በሽታ ነው።

ምክንያቱ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። በብዙ አገሮች መጓጓዣ ቆመ፤ ሐኪሞችና ነርሶች ወደ ኮሮና ሥራ ተዛወሩ፤ አውሮፕላኖች በመቆማቸው ክትባቱ በጊዜው ሳይደርስ ቀረ፤ ሕዝብ ተሰብስቦ የሚከተብበት ዘመቻም እንዲዘገይ ሆነ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 በዓለም 23 ሚሊዮን ሕፃናት መደበኛውን ክትባት ሳይጀምሩ ወይም ሳይፈጽሙ ቀሩ፤ ይህም ከቀድሞው ዓመት በ3.7 ሚሊዮን ይበልጣል። በ2021 ቁጥሩ 25 ሚሊዮን ደረሰ።

እንዲህ ያለው መዘንጋት የሚያስከፍለውን ዋጋ የኮንጎ ዴሞክራሲያዊት ሪፑብሊክ ታሪክ ያስተምረናል። ከ2010 እስከ 2012 ዓ.ም. በአገሪቱ ምሥራቅ ኢቦላ ገብቶ ከ2200 ሰው በላይ ሲገድል፣ የዓለም ዓይን ሁሉ ወደዚያ ተመለከተ። ጦርነትና የመንገድ እጦት የክትባቱን ሥራ አስቀድሞ አድክሞት ነበርና፣ በዚያው ዘመን ኩፍኝ ተነሥቶ ከ6000 ሰው በላይ ጨረሰ። ከሞቱትም የሚበዙት 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ነበሩ።

የመንደሩ ሰው ሁሉ የተቃጠለ ቤት ሊያጠፋ ሲሮጥ የበረቱ በር ክፍት ቢቀር፣ ጅብ ገብቶ ጥጃውን ይወስዳል። እሳቱን ለማጥፋት መሮጥ ስሕተት አይደለም፤ ስሕተቱ በበረቱ በር አንድ ሰው እንኳ አለማቆም ነው።

ሁለቱንም ማድረግ እንደሚቻል አገራችን አሳይታለች። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ሊደረግ ታስቦ የነበረው የኩፍኝ ዘመቻ በኮሮና ምክንያት ቢዘገይም አልተተወም። በሰኔ ማለቂያ ሠራተኞቹ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ሰውንም አራርቀው፣ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናትን ለመከተብ ተሰማሩ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ የሚለውን ምሳሌ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፊደል የቆጠራችሁ እናንተ ናችሁና፣ በቤታችሁ ያለውን የሕፃን የክትባት ካርድ አውጥታችሁ አንብቡት። ቀኑ አልፎ እንደ ሆነ ነገሩ አበቃ አትበሉ፤ ያመለጠው ክትባት ብዙውን ጊዜ ሊሟላ ይችላልና ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ። የፈራችውንም እናት አትውቀሱአት፤ ልጅዋን አዝላ ስትወጣ አብራችኋት ሂዱ።